ከቀበሌ አዳራሽ የታየ ፕሬዚዳንት

ወገዳ ገበያ ላይ የምታገኙት የስማዳ አርሶ አደር የአማራ ክልል ፕሬዚዳንቶችን ስም በቅደም ተከተል ላይዘረዝርላችሁ ይችላል። የመሬት ደብተሩን የተቀበለበትን ዓመት፣ ማዳበሪያ ዘግይቶ የዘር ጊዜ ያለፈበትን ክረምት፣ ጎረቤቱ "ተመርቀሃል" ተብሎ ከሴፍቲኔት የተሰረዘበትን ወር ግን ሳይሳሳት ይነግራችኋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ፕሬዚዳንት የሚመዘነው ቀበሌ በደረሰውና ሳይደርስ በቀረው ነገር ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የእነዚህ ወረዳዎች ሰዎች የገዢው ፓርቲ አባል ሆነው መዋጮ ከፍለዋል፣ በየአዳራሹ ተገማግመዋል፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ቤት ለቤት ቀስቅሰዋል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ እነዚህን ሰዎች የሚመለከት ነው፦ የፕሬዚዳንታቸውን ሥራ መርምረው ያውቃሉ ወይ? መርምረው ከሆነስ ምርመራቸው የፓርቲያቸውን የምርጫ ስልት ለውጦ ያውቃል? እኔ የደረስኩበት መልስ የሚያስደስት አይደለም። አባላቱ መርምረዋል፤ ብዙ ጊዜም በትክክል መርምረዋል። ፍርዳቸው ግን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አልፎ የተጓዘበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የድርጅቱ መስመር የተዘረጋው መመሪያ እንዲያወርድ ስለሆነ የታች ሰው ቃል የሚወጣበት ደረጃ አልተሠራለትም።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አካባቢው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ትከሻ ተነስቶ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው ምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር ነው። ላይ ጋይንት ዋና ከተማው ነፋስ መውጫ፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ስማዳ ወገዳ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ነው። ደጋው ገብስና ድንች፣ ወይና ደጋውና ቆላው ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። ድርቅ ደጋግሞ ጎብኝቶታል። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው፣ በደርግ ጊዜ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ነፋስ መውጫን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ የላይ ጋይንት ሰው ወሬም ሹመኛም ደጃፉ ድረስ ሲመጣለት ኖሯል። ስማዳ ከዚህ መንገድ ርቆ ወደ ሸለቆው የገባ ነው። ይህ ልዩነት በአባላቱ ክርክር ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ በነፋስ መውጫ አዳራሽ ስለ ክልሉና ስለ አገሩ ፖለቲካ ሲነሳ፣ በስማዳ መጀመሪያ የሚነሳው የመንገድ ጥያቄ ነው።

ከፓርቲ በፊት የነበረውን ዘመን ቶሎ ልለፈው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ሲወድቁ፣ ከአውሮፕላን ቦምብ ከመጣሉ በፊት እሳቸውን የሚያወግዝ ወረቀት ተበትኖ ነበር። በዚህ አካባቢ ሕዝብን ከመሪው ለመነጠል የተበተነ የመጀመሪያው የፖለቲካ ወረቀት ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ የመጣውም ከሰማይ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ አልነበረም፣ እጩ ለመሆንም ንብረት ይጠይቅ ነበር። ገበሬው የአውራጃውን ባላባት ወይም ዳኛ መርጦ ይልካል፤ ስለ ንጉሡ ሥራ ግን የሚጠየቅ ነገር የለም። "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" የተባለው ለዚህ ነው። ደርግ ኢሠፓን በ1977 መሥርቶ በ1980 ሪፐብሊክ ሲያውጅ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የመረጠው ብሔራዊ ሸንጎው ነበር። በድርቅ፣ በሰፈራና በብሔራዊ ውትድርና የተመታው የጋይንት ገበሬ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥራ ብዙ የሚለው ነገር ነበረው፤ የሚለውን የሚቀበል ስብሰባ አልነበረም።

የዛሬው ክርክር ሥር የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ኅዳር 1973 የተመሠረተው ኢሕዴን፣ በኋላ የኢሕአዴግ ግንባር አባል ሆኖ፣ በ1982 እና በ1983 በጉና ዙሪያ ከደርግ ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ከጦሩ ጋር አንድ ልማድ ይዞ መጣ፦ ግምገማ። ታጋዩ በጋራ ተቀምጦ አዛዡን ሳይቀር ይተቻል፣ አዛዡም ግለ ሂስ ያቀርባል። በትጥቅ ትግሉ ዘመን ይህ ልማድ ጥርስ ነበረው፤ አዛዡና ተዋጊው አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩና የአንዱ ስህተት የሌላውን ሕይወት ይቀጥፍ ነበር። ድርጅቱ ጥር 1986 ብአዴን ሆኖ ክልሉን ሲያስተዳድር ግምገማው አብሮ ወደ ቀበሌ ወረደ። እዚያ ሲደርስ ግን አቅጣጫው ተለወጠ።

እንዴት እንደተለወጠ ለማየት የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። ስብሰባው ረፋዱ ላይ ይጠራል፤ ሰው ከየጎጡ ተጠራቅሞ ሲሞላ እኩለ ቀን ይሆናል። ከወረዳ የመጣው መድረክ መሪ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሰነዱን ያነባል፦ መጀመሪያ ጥንካሬ፣ ቀጥሎ ድክመት፣ ከዚያ ምቹ ሁኔታዎችና ስጋቶች፣ በመጨረሻ የቀጣይ አቅጣጫ። ጥንካሬው የክልሉ አመራር ነው፤ ድክመቱ የቀበሌው። አንድ ሽማግሌ ተነስተው "ማዳበሪያው ለምን ዘገየ?" ብለው ቢጠይቁ መድረክ መሪው በደብተሩ ላይ "የመልካም አስተዳደር ችግር" ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም የቀበሌው ሊቀመንበር ተነስቶ ግለ ሂስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ግዥው መቼ ተፈጸመ፣ መኪናው የት ቆመ፣ ማን ወሰነ የሚለው ከአዳራሹ አልፎ የሚሄድ ጥያቄ ነው፤ እዚያው ይቀራል። ሽማግሌው የፕሬዚዳንቱን ሥራ ነበር የጠየቁት። የተገመገመው ግን አንድ ወጣት የግብርና ሠራተኛ ሆነ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አባሉ ዝም አላለም፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነበር። ጥያቄው የተመለሰው ግን የሚጠየቀውን ሰው በማሳነስ ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ በዓመት ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ሰው ሁለት ዓይነት አነጋገር ይለምዳል። በአዳራሹ "አቅጣጫው ትክክል ነው፣ ችግሩ አፈጻጸም ላይ ነው" ይላል። በሰንበቴ፣ በጽዋ ማኅበር፣ ከለቅሶ ሲመለስ ደግሞ "ከላይ ያሉት አይሰሙም" ይላል። ስለ ፕሬዚዳንቱ ቁም ነገር ያለው ምዘና የሚደረገው በዚህ በሁለተኛው ቦታ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ግን አይያዝበትም።

እስቲ በዚያ በሁለተኛው ቦታ ፕሬዚዳንቶቹ እንዴት እንደተመዘኑ እንይ። በመጀመሪያዎቹ 26 ዓመታት ገደማ ክልሉን የመሩት 4 ሰዎች ናቸው፦ አዲሱ ለገሰ፣ ዮሴፍ ረታ፣ አያሌው ጎበዜ እና ገዱ አንዳርጋቸው። በሕዝቡ ትውስታ እያንዳንዳቸው የሚታወሱት በአንድ በሚጨበጥ ነገር ነው። የአዲሱ ዘመን ሲነሳ መሬት ይነሳል። በ1989 በክልሉ ብዙ ቦታዎች በተካሄደው ሽግሽግ "ቢሮክራት" እና "ቅሪት ፊውዳል" ተብለው የተፈረጁ ሰዎች መሬታቸው ተቀንሶባቸዋል። መሬት ያገኘው ወጣት አመስግኗል፣ የተቀነሰበት ቂም ይዟል፣ ሁለቱም በኋላ በአንድ የፓርቲ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዮሴፍ ረታና በአያሌው ጎበዜ ዘመን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ መጣ። ከ1995 አካባቢ ጀምሮ ሲሰጥ የቆየው ይህ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ነው። መሬት በባል ስም ብቻ በሚጠራበት አገር ሚስት ፎቶዋን በደብተሩ ላይ ስታይ ምን እንደተሰማት መገመት አያዳግትም። ፓርቲው በዚህ አካባቢ ሊኮራበት ከሚችለው ሥራ አንዱ ይህ ነው፤ ሴት አባላቱም ምርጫ ሲቀሰቅሱ ያለማንም ግፊት ያነሱት ነበር።

ሴፍቲኔት ሌላ ታሪክ አለው። በ1997 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለብዙ ቤተሰብ የረሃቡን ወራት ማለፊያ ሆኗል። ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይረዳል። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚያጣራው ግን የቀበሌ ግብረ ኃይል ነው፤ ቀበሌ ደግሞ የድርጅቱ እጅ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ሴፍቲኔት፣ ማዳበሪያና ብድር ከፓርቲ አባልነት ጋር ተያይዘዋል ብሎ ከሰሰ፤ መንግሥት ክሱን አስተባበለ። በእኔ እይታ ለዚህ ዳሰሳ የሚበልጠው ቁም ነገር የትኛው ወገን ልክ ነው የሚለው አይደለም። አባሉ እርዳታውን እንደ መብቱ ሳይሆን የድርጅቱ ውለታ አድርጎ እንዲያየው መደረጉ ነው። ውለታ ያለበት ሰው ፈራጅ መሆን አይችልም። "ምረቃ"፣ ማለትም ከእርዳታው መውጣት፣ በኮታ በተጠየቀ ጊዜ ያልተመረቀውን የመረቀ የቀበሌ አመራር ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ከሳሹም ተከሳሹም ጎረቤቱ ነበር።

አሁን ወደ ምርጫ ስልቱ ልሻገር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ኢሕአዴግ ከ547 ወንበሮች 327 ሲያገኝ ቅንጅት 109 አገኘ፤ በአማራ ክልልም ሁለት ጣት ያሳየው ፓርቲ ጥቂት የማይባል ወንበር ወሰደ። ለድርጅቱ ድንጋጤ ነበር። ያን ጊዜ ታች ያለው አባል ቢጠየቅ ኖሮ ሊነግር የሚችለው ብዙ ነበር፦ የ1989ኙን ፍረጃ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አሰባሰቡን፣ የቀበሌ ዳኛውን አድልዎ። ፓርቲው የመረጠው መልስ ግን ቁጥር ነበር። ከምርጫው በፊት ወደ 760 ሺህ የነበረው የኢሕአዴግ አባል በ2000 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን አለፈ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 ደረሰ፤ በአገር ደረጃ ከ3 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ወንበር ነበር። ትልልቆቹ ተቃዋሚዎች አልተወዳደሩበትም። አንድ ለአምስት፣ የልማት ቡድን፣ ህዋስ፣ መሠረታዊ ድርጅት፣ ጠርናፊ የሚሉት ቃላት የገጠሩ ሰው የዕለት ቃል የሆኑት በእነዚያ ዓመታት ነው።

እንደ ድምፅ ማሰባሰቢያ ሲታይ አሠራሩ ሰምሮለታል። ሞዴሉ አርሶ አደር አምስት ሰው ይዞ ወደ ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል፣ ጠርናፊው ማን ካርድ እንዳወጣ ይቆጥራል፣ ወረዳው ለዞኑ ሪፖርት ያደርጋል። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ሁሉንም ወሰዱ። ብአዴን በክልሉ ምክር ቤት 294 ከ294 አገኘ። ከግንቦት 2007 እስከ ሐምሌ 2008 ያለው 14 ወር ነው። ሐምሌ 24 ጎንደር ላይ ታላቁ ሰልፍ ወጣ፤ ደብረ ታቦርን ጨምሮ በክልሉ ብዙ ከተሞች ተቃውሞው ቀጠለ። መቶ በመቶ የመረጠ ክልል በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ እንዴት እንዲህ ሆነ? ከእያንዳንዱ አምስት ሰው ጋር በየሳምንቱ የሚቀመጥ አባል ያለው ድርጅት እንዴት አላወቀም? አባሉ አውቆ ነበር። የሚጠየቀው ግን ስንት ሰው እንዳሰለፈ ነበር፤ ሰዎቹ ምን እንዳሉ የጠየቀው አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ ለቁጥር ሳጥን ነበረ፤ ለቃል አልነበረም።

2009 ላይ "ጥልቅ ተሃድሶ" በተባለው መድረክ አባላቱ እንደገና ተሰበሰቡ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚያ መድረክ በብዙ ቦታ ደፋር ነገር ተነግሯል፤ የወሰንና የማንነት ጥያቄ፣ የፌዴራል ሥልጣን ክፍፍል፣ የእስረኞች ጉዳይ በግልጽ ተነስቷል። ገዱ አንዳርጋቸውም በዚያ ዓመትና በተከታዩ ያገኙት ተቀባይነት ከታች የተነሳውን ድምፅ ሰምተዋል ተብሎ ስለታመነ ነው። የታች ሰው ቃል ወደ ላይ ወጥቶ መሪን ሲያንቀሳቅስ የታየበት አጭር ጊዜ ነበር። ብአዴን መስከረም 2011 ስሙን አዴፓ ብሎ ሲለውጥ ብዙ የገጠር አባል ድርጅቱ ራሱን ሊያርም ነው ብሎ አምኗል።

በዚህ ተስፋ መሐል ነው የጋይንት ልጅ ፕሬዚዳንት የሆነው። ዶክተር አምባቸው መኮንን የካቲት 29 ቀን 2011 በክልሉ ምክር ቤት ተሾሙ። በኢኮኖሚክስ እንግሊዝ አገር ከኬንት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪ የያዙ፣ በፌዴራል ደረጃ በሚኒስትርነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ለአገሬው አባል ይህ ሹመት የክርክሩን ጠባይ ለወጠው። እስከዚያ "ላይኞቹ" እየተባለ በሩቁ የሚጠቀሰው ሥልጣን አሁን የታወቀ ቤተሰብ፣ የታወቀ ቀዬ አገኘ። ኩራት ነበረ፤ ከኩራቱ ጋር የሚመጣ ጭንቀትም ነበረ። ወንዜነት ፓርቲን ያጠፋል ብለው የሚከራከሩ ነበሩ፣ "የራሳችን ሰው ካልሰማን ማን ይሰማናል?" የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም ክርክር ጤናማ ነበር፤ ሁለቱም አንድን ፕሬዚዳንት በሥራው ለመመዘን ይዘጋጅ ነበር።

ምዘናው አልተደረገም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ በተፈጸመ ጥቃት አምባቸው መኮንንና ሁለት የክልሉ ባለሥልጣናት፣ እዘዝ ዋሴ እና ምግባሩ ከበደ፣ ተገደሉ። ፕሬዚዳንቱ በሥልጣን የቆዩት 106 ቀን ነው። በ106 ቀን የሚመዘን ሥራ አይገኝም። ለጋይንት የቀረው ለቅሶ ነው፤ ለፓርቲውም ለክልሉም የቀረው መከፋፈል ነው። ጥቃቱን መርተዋል ተብለው የተጠረጠሩት ብርጋዴር ጀነራል አሳምነው ጽጌም በብዙ አማራ ዘንድ ደጋፊ ነበራቸውና በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ሁለት ዓይነት ኀዘን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ስለ ፕሬዚዳንት ሥራ ሲወራ የዚያ ቀን ጥላ ሳያጠላበት የቀረ ክርክር ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፍጥነት ለታች አባል አስቸጋሪ ነው። ተመስገን ጥሩነህ ሐምሌ 2011፣ አገኘሁ ተሻገር ጥቅምት 2013፣ ይልቃል ከፋለ መስከረም 2014፣ አረጋ ከበደ ነሐሴ 2015 ተሾሙ። አምባቸውን ጨምረን በ4 ዓመት ተኩል 5 ፕሬዚዳንት ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ከምርጫ ማግሥት በተመሠረተ ምክር ቤት የተሾሙት ይልቃል ከፋለ ብቻ ናቸው። ሰኔ 2013 ላይ የአገኘሁ ተሻገርን አስተዳደር ይዞ የቀሰቀሰ አባል በመስከረም ሌላ ፕሬዚዳንት ተሰጠው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሦስተኛው መጣ። ለየትኛው ሥራ ነው ሕዝብ ፊት መልስ የሚሰጠው? ሥራው የሚመዘንበት ሰው ምርጫ ሳይደርስ የሚቀየር ከሆነ፣ ምርጫው የሚጠይቀው ሰው ሊገኝ አይችልም። ብዙ ሰው የሚያነሳው የፕሬዚዳንቶቹን ብቃት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሲሾሙም ሲነሱም ምክንያቱ በዝርዝር ለአባሉ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

ብልጽግና ፓርቲ ኢሕአዴግን ተክቶ ኅዳር 2012 ሲመሠረት የምርጫ ምልክት የነበረችው ንብ ቀርታ አምፖል መጣች። መብራት ባልደረሰበት ጎጥ አምፖል ይዞ ድምፅ መጠየቅ ለቀስቃሹ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ፓርቲው ፕሮግራም ሳይሆን ስለ መብራት ዝርጋታው ነበርና። ስልቱ ግን በመዋቅር ደረጃ ብዙም አልተለወጠም፤ የድሮው ጠርናፊ በአዲሱ ስም ቀጠለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በክልሉ አብዛኛው ቦታ ድምፅ ተሰጠ። ፓርቲው በመጀመሪያ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 የፌዴራል ወንበሮች 410 አሸነፈ።

ከምርጫው በ52 ቀን፣ ነሐሴ 6፣ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ክልሉ ተስፋፍቶ የሕወሓት ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ያዙ፤ እስከ ነሐሴ 15 ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት በከተማዋ በእነዚያ ቀናት የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል መዝግቧል። ሆስፒታሉና ጤና ጣቢያው ተዘርፈው ስለነበር ተገቢውን ሕክምና ሳያገኙ የቀሩ ነበሩ። በሰኔ "ሰላምና ደኅንነትህን እናረጋግጣለን" ብሎ ቤት ለቤት የዞረ አባል በነሐሴ ያንኑ ቤት አንኳኩቶ ምን ይላል? ብዙዎቹ ያደረጉት ነገር ከፓርቲ ሰነድ ውጭ ነበር፤ ስንቅ አሰባስበዋል፣ የሸሹትን አስጠልለዋል፣ ከሚሊሻው ጋር ዘምተዋል። እኔ ይህን ከየትኛውም የምርጫ ውጤት በላይ አከብረዋለሁ። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት መድረኮች ታዲያ ጥያቄያቸው የመከላከያ ዝግጅቱን፣ የማፈግፈጉን ውሳኔ፣ የተጎጂዎቹን ካሳ የሚመለከት ነበር። እነዚህ የፕሬዚዳንትና የጠቅላይ ሚኒስትር ጥያቄዎች ናቸው፤ ለወረዳ መድረክ መሪ የሚቀርቡ አልነበሩም።

የተቃዋሚውን ደጋፊ ሳላነሳ ብቀር ዳሰሳው ጎደሎ ይሆናል። ሰኔ 2010 የተመሠረተው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) በተማሪውና በወጣቱ በኩል በእነዚህ ወረዳዎችም ሥር ይዟል። በ2013 ያገኘው የፌዴራል ወንበር 5 ነው። ሊቀመንበሩ በለጠ ሞላ መስከረም 26 ቀን 2014 የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፤ "ከውስጥ ሆኖ መሥራት" እና "ተፎካካሪ ሆኖ መቆም"። ይህን ክርክር በገጠር ያለው የአብን አባል መርቶት አያውቅም፤ ውሳኔውን እንደ ብልጽግናው አባል ከቴሌቪዥን ሰማው። ታች ያለውን ሰው ሳያማክሩ መወሰን የአንድ ፓርቲ በሽታ ብቻ አለመሆኑን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

2015 ደግሞ ሁሉንም አናጋው። በመጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ብዙ የፓርቲው አባል ራሱ ውሳኔውን ተቃውሟል። ሚያዝያ 19 የክልሉ ብልጽግና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግርማ የሺጥላ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ተገደሉ። ክረምቱ ሲገባ የማዳበሪያ እጥረቱ ገበሬውን ለአቤቱታ ባሕር ዳር ድረስ አስኬደው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የምክር ቤት አባላቱ ክርስቲያን ታደለ እና ዮሐንስ ቧያለው ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ገጠር በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት የቀበሌውን መዋቅር በብዙ ቦታ በትኖታል። የቀበሌ አመራር መሆን የሞት ምክንያት ሆኗል፤ በመንግሥት ኃይሎች እጅም ሲቪሎች ሞተዋል። አንድ ለአምስት የሚቆጥር ጠርናፊ የለም፤ ኖሮም ቢሆን ማን ደፍሮ ይቆጠራል?

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደሞከረው አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። በታንዛኒያ እርሱም ቀደምቱም ከነጻነት ጀምሮ የገዙት ሲሲኤም የተባለው ፓርቲ እንደ እኛው ገዢ ፓርቲ እስከ መንደር የወረደ መዋቅር አለው። በፈረንጆቹ 2010 ለፓርላማ እጩ የሚሆነውን በየቅርንጫፉ ያለው አባል ሁሉ ድምፅ ሰጥቶ እንዲለይ ፈቀደ። ብዙ ነባር የፓርላማ አባላት በራሳቸው ፓርቲ አባላት ድምፅ ወደቁ። ገንዘብ ተረጭቷል የሚል ክስ ነበረ፤ ፓርቲው በኋላ አሠራሩን አጥብቧል። ግን ለአንድ ዙር የታንዛኒያ መንደርተኛ ፍርዱ ዋና ከተማዋ ዶዶማ ደርሶ ሲሠራ አይቷል። በእኛ አገር ኢሕአዴግም እጩዎቹን ለሕዝብ ትችት አቀርባለሁ ይል ነበር። እጩው ከላይ ተመርጦ መጥቶ የሚተች ከሆነ ግን ትችቱ የእጩውን ጠባይ ይነካል እንጂ እጩነቱን አይነካም።

ለ2018 የታቀደውን 7ኛውን ጠቅላላ ምርጫ አስመልክቶ የፓርቲው ሰዎች ስልት ያወራሉ። እኔ ብጠየቅ ከስልቱ በፊት ሦስት ነገር እላለሁ። በቀበሌ መድረክ የሚነሳው ጥያቄ "መልካም አስተዳደር" በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መግባቱ ይቅር፤ የክልሉን ፕሬዚዳንት የሚመለከተው በስማቸው ተመዝግቦ ይድረሳቸው፣ መልሱም ተጽፎ ወደዚያው ቀበሌ ይመለስ። እጩው በአባላቱ ድምፅ ይለይ። ፕሬዚዳንት በምርጫ መካከል ሲነሳ ምክንያቱ ለቀሰቀሰለት አባል ይነገር። እነዚህ ሦስቱ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ላይ ያለው ሰው በታች ሰው ለመዳኘት መፍቀዱን ነው።

ሌላ የሚቀድም ነገርም አለ። ዛሬ ከስማዳና ከእስቴ ገጠር ሸሽቶ ወደ ከተማ የገባ የቀበሌ አመራር አለ፤ ከእርሱ ተቃራኒ ቆሞ ጫካ የገባ የአክስቱ ልጅም አለ። በአንድ ዘመን ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ማዳበሪያው ጠይቀው ነበር፤ ሁለቱም "የመልካም አስተዳደር ችግር" የሚል መልስ ተሰጥቷቸው ወጥተዋል። ለምርጫው የሚዘጋጀው ሰነድ ስለ ቅስቀሳና ስለ ካርድ ከማውራቱ በፊት እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀበሌ በሰላም የሚቀመጡበትን መንገድ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊጽፍ ይገባዋል።